የካፒቴን ሴልውድ ፊት

አልዊን ትራንተር ካፒቴን ሴልውድን መሳል ከሰለቸው ቆይቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሰለቸው ራሱም በውል አያውቀውም። ሚስቱ ሚዩሪየል ግን አውቃለሁ ባይ ናት። «ካፒቴኑ ለሁለተኛ ጊዜ ሳተርን ላይ የተማረከ ሳምንት ነው» ትላለች። «ያን ቀን ሻይህን ሳትነካው ቀዝቅዞ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስትስል ማፏጨት ተውክ።»

ካፒቴን ሴልውድ በየሐሙሱ የሚወጣ የልጆች ጋዜጣ ጀግና ነው። በመንኮራኩሩ ከፕላኔት ፕላኔት እየዞረ ይዋጋል፣ ይማረካል፣ ያመልጣል። አንዱን ጠላት ድል ሲነሳ ሌላው ከጨረቃ ጀርባ ብቅ ይላል። ታሪኩን የሚጽፉት ሰዎች ስንቴ ተለዋውጠዋል፤ አንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዱ አውስትራሊያ ገባ፣ አንዱን መጠጥ በላው። ሠዓሊው ግን ያው አልዊን ነው። በየሳምንቱ ሁለት ገጽ፤ የፊተኛው በቀለም፣ የኋለኛው በጥቁርና ነጭ። ታሞም ይስላል፤ በገናም ይስላል፤ እናቱን ቀብሮ በተመለሰ ማግሥት የማርስን ጦር ሲስል ውሏል። ስሙ ግን በገጹ ላይ አይወጣም፤ የጋዜጣው ደንብ ነው። አንድ ጊዜ በመንኮራኩሩ ጅራት ላይ በደቃቅ ፊደል ስሙን ሸሽጎ ቢልክ፣ ቢሮ ያለ አንድ ሰው ነቅቶበት በነጭ ቀለም ደፈነው። አልዊንም ነገሩን ዋጥ አድርጎ ዳግመኛ አልሞከረም።

ቤታቸው ግሬቭሴንድ ነው፤ ቴምዝ ሰፍቶ ባሕር ሊሆን በሚዳዳበት ዳርቻ። የሥዕል ጠረጴዛው ፎቅ ላይ ካለው የኋላ ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጧል። ቀና ቢል የጎረቤት ጭስ ማውጫዎችና ከእነሱ ማዶ የሚያልፉ መርከቦች ይታዩታል። ግን ቀና የሚለው ከስንት አንዴ ነው፤ አንገቱ ጎንበስ ማለትን ስለለመደ፣ ቀና ሲል እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።

በወጣትነቱ፣ በጦርነቱ ዘመን፣ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ንድፍ አንሺ ነበር። ሥራው የአውሮፕላኑን ቆዳ እንደተገፈፈ አስመስሎ የሆድ ዕቃውን መሳል ነው፤ ሽቦው በየት እንደሚያልፍ፣ ነዳጁ ከየት ወዴት እንደሚወርድ፣ የትኛው ብሎን የትኛውን እንደያዘ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፋብሪካው ሠራተኛውን በተነ። አልዊን ደግሞ በየምሳ ዕረፍቱ ለራሱ ደስታ ሲስላቸው የኖሩ መንኮራኩሮች ነበሩት። እነሱን በካርቶን አቅፎ ለንደን ሄደና የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ፊት ዘረጋቸው። አዘጋጁ ሚስተር ኦርድ የሚባሉ፣ ፒፓቸው ከአፋቸው የማይነጠል ሽማግሌ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው፣

«የሌላው ሰው መንኮራኩር ሲጋራ ይመስላል» አሉት። «የአንተ ብሎን አለው። ብሎን ያለውን ነገር ልጆች ያምኑታል።»

እንዲህ ሆኖ ተቀጠረ። ችግሩ የሰው ፊት ነበር። ማሽን ሲስል እጁ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ሰው ሲስል ግን ሁሉም የልብስ መደብር አሻንጉሊት ይመስልበታል። ሚስተር ኦርድ የመጀመሪያውን ገጽ ሲያዩ ካፒቴኑን በፒፓቸው ጫፍ እየጠቆሙ «ይሄ ሰው ቁርስ በልቶ ያውቃል?» ብለው ጠየቁት። አልዊን በኀፍረት ተሸማቅቆ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ የጓሮውን አጥር ተደግፎ ሲተክዝ ጎረቤቱ ባዚል ኮትስ ልብስ ሊያሰጣ ወጣ።

ባዚል ትልልቅ መርከቦችን ወደ ወደቡ የሚጎትት ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። ያኔ ሠላሳ ዓመቱ ነው። አገጩ የተጠረበ ድንጋይ፣ አፍንጫው ትልቅ፣ ዓይኖቹ ከነፋስ ጋር ሲፋጠጡ ከመኖራቸው የተነሣ ሁልጊዜ ጠበብ ያሉ ናቸው። ሰው ሲያየው ያለ ምንም ምክንያት ያምነዋል። አልዊን አንድ ጊዜ አየት አድርጎት፣

«ባዚል፣ ያን ልብስ አስቀምጥና ወደ ሰማይ ተመልከት» አለው።

«ዝናብ ይዘንባል እንዴ?»

«ዝም ብለህ ተመልከት። ጠላት እየመጣ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የካፒቴን ሴልውድ ፊት የባዚል ፊት ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዚል በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ይመጣል፤ ሚዩሪየል የአትክልት ማጥለያዋን ራሱ ላይ እንደ ብረት ቆብ ትደፋለታለች፤ እሱም የጓሮውን አካፋ እንደ ጠመንጃ ይዞ ይቆማል።

«ዛሬ ምንድን ነው የሚበላኝ?» ይላል።

«ዛሬ አትበላም። ከገደል ነው የምትወድቀው።»

«ገደሉ የቱ ነው?»

«የወጥ ቤቱ ደረጃ። እጅህን ዘርጋ። ሲጋራህን ጣል፤ ህዋ ውስጥ አየር የለም።»

«አየር ከሌለ ታዲያ ምን አባቴ እየተነፈስኩ ነው የኖርኩት ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

ዋጋው አንድ ብርጭቆ ቢራ ነበር፤ እሱም በወንዙ ዳር መጠጥ ቤት በዚያው ማታ ይከፈላል። የባዚል ሚስት ኢኒድ ከመስኮቷ እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። ለሰው ስትናገር ግን «የእኔ ባል ጋዜጣ ላይ ይወጣል» ማለቷ አልቀረም።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። የባዚል ጠጉር ሳሳ፣ ከዚያ ሸበተ። ከአገጩ ሥር ቆዳው ተንጠለጠለ። ካፒቴን ሴልውድ ግን እዚያው ሠላሳ ዓመቱ ላይ ቆሞ ቀረ። አልዊን ጓደኛውን ፊት ለፊት አቁሞ እያየ፣ ሽበቱን እየዘለለ፣ የፊቱን መጨማደድ እየተወ፣ የድሮውን ሰው ከአዲሱ ውስጥ ፈልፍሎ ማውጣት ለመደ። አድካሚ ሥራ ነበር። አንዳንድ ቀን ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ላይ ተደራርበው የተቀመጡ ይመስለዋል። በኋላ በኋላ ባዚልን መጥራቱንም ተወው፤ ፊቱ በእጁ ገብቶ ስለነበር እንዲሁ ይስለዋል። ቅዳሜ ቀርቶ ቢራው ብቻ ቀጠለ።

ሚስተር ኦርድ ሲሞቱ በቦታቸው ሌላ ተተካ፤ እሱም ሄደና ናይጄል ፋራንት የሚባል ጺማም ሰው ተሾመ። ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው ቀርተው ጋዜጣው ገበያ እያጣ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ አድማ በመታበት በዚያ ክረምት፣ ቆሻሻ የሚያነሣ ጠፍቶ በየመንገዱ ማዕዘን በተቆለለበት ሰሞን፣ ፋራንት አልዊንን ወደ ለንደን አስጠራው። ሻይ በወረቀት ኩባያ ሰጠውና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው፤ ልጁ ሊሆን የሚችል ሰው «አንተ» ሲለው አልዊንን አሁንም ጆሮውን ይቆረቁረዋል።

«አልዊን፣ ሳላንዛዛ ልንገርህ። ጋዜጣችን ከእግር ኳሱ ጋዜጣ ጋር ሊዋሃድ ነው። ሴልውድ ማለቁ ነው።»

«ማለቁ ማለት?»

«እንገድለዋለን። ዝም ብሎ ከጠፋ ልጆቹ ይረሱታል፤ ከሞተ ግን ያወሩለታል። አሪፍ አሟሟት ስጠው። መንኮራኩሩን ወደ ፀሐይ ይነዳል፣ ምድርን ያድናል፣ እሱ ይቀራል። የመጨረሻው ትልቅ ሥዕል ፊቱ ብቻ ይሁን።»

አልዊን ሻዩን ተጎነጨ። ሻዩ የካርቶን ጣዕም ነበረው።

«ለአንተ ሥራ አለን» አለው ፋራንት ፊቱን አይቶ። «የእግር ኳስ ታሪክ አለ። ኳስ ትስላለህ አይደል?»

«ክብ ነገር እስላለሁ» አለ አልዊን።

በባቡር ሲመለስ ደስታም ኀዘንም ፈልጎ አጣ። ስንት ጊዜ «ይሄ ሰውዬ ምነው በሞተልኝ» ብሎ ነበር። አሁን ሊሞትለት ነው፤ እሱ ግን የሚሰማው ጫማውን አውልቆ የመተኛት ፍላጎት ብቻ ነው። ሚዩሪየል በር ላይ ተቀብላ ካፖርቱን ስታወልቅለት ነገራት።

«ተገላገልክ ወይስ ተቀጣህ?» አለችው።

«እኔ እንጃ። ደክሞኛል።»

«እሱማ ሁልጊዜ ነው።» ካፖርቱን ሰቅላ ቆም አለች። «ባዚል ጋ ሂድ። ዛሬ ሐኪም ቤት ነበሩ። ኢኒድ ፊቷ ልክ አይደለም።»

ባዚል ከመከር ጀምሮ ሲያስል ነበር። በወጣትነቱ፣ ከጎታች ጀልባው በፊት፣ በመርከብ ጥገና ቦታ የማሞቂያ ቧንቧ አስቤስቶስ በሚባል እሳት በማይበላው ቁስ ሲጠቀልል ኖሯል፤ ያኔ የተነፈሰው አቧራ ሳንባው ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ አሁን ነቃ። ሐኪሙ አልደበቃቸውም። አልዊን ሲገባ ባዚል የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ በምድጃው አጠገብ በተዘረጋ አልጋ ላይ፣ በትራስ ተደግፎ ነበር።

«ሰማህ?» አለው ባዚል።

«ሰማሁ።»

«በል እንግዲህ ፊትህን አታጨፍግግ። እኔው እበቃለሁ። አንተስ ምን ሆነህ ነው? ለንደን ጠርተውህ ነበር አሉ።»

አልዊን መናገሩን ፈራው። ሌላ ወሬ ሊፈጥር አሰበ፤ ግን ባዚል ፊት ዋሽቶ አያውቅምና ሆነለትም አልሆነለትም ያው ነው ብሎ ተናገረ። ካፒቴኑን ሊገድሉት እንደሆነ፣ የሚገድለውም እሱ ራሱ እንደሆነ።

ባዚል መጀመሪያ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ መሣቅ ጀመረ፤ ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ኢኒድ ከወጥ ቤት እየሮጠች መጥታ ጀርባውን ያዘችው።

«ምን አልከው አንተ?» ብላ አልዊን ላይ አፈጠጠች።

«ተይው» አለ ባዚል ትንፋሹ ሲመለስ። «ማጥለያውን አምጣ፣ አልዊን።»

«ምን?»

«ማጥለያውን። ሃያ ምናምን ዓመት በሕይወት ስትስለኝ ኖረህ፣ አሁን ደህና ሟች ስታገኝ ከልብህ አውጥተህ ልትስል ነው? እንደኔ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሰው የት ታገኛለህ?»

«ባዚል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።»

«ማን ቀለደ? ቀኑን ሙሉ እዚህ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ነው የምውለው። ሥራ ስጠኝ።»

ኢኒድ ሁለቱንም አፈራርቃ አየቻቸው። «ሁለታችሁም ጤና የላችሁም» አለችና ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ ግን የራሷን ማጥለያ ይዛ መጣችና አልጋው ላይ ወርወር አደረገችው። «ድንች ላጠልልበት ነው፤ ቶሎ ጨርሱ።»

በነጋታው አልዊን ካርቶንና እርሳሱን ይዞ መጣ። ከመስኮቱ የሚገባው የክረምት ብርሃን ደካማ ነበርና አልጋውን ገፍተው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ባዚል ማጥለያውን ደፍቶ በትራሱ ላይ ቀና አለ።

«ወዴት ልይ?»

«ወደ ፀሐይ እየነዳህ ነው። እንደማትመለስ ታውቃለህ።»

«እንዲያ ከሆነ ማየት አያስፈልገኝም» አለ ባዚል።

አልዊን መሳል ጀመረ። እንደ ልማዱ ሽበቱን ሊዘልል ሲል እጁ እንቢ አለው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ላጲስ አነሣ። በመጨረሻ የሚያየውን ሳለ፤ የሳሳውን ጠጉር፣ የጎደጎደውን ጉንጭ፣ ከንፈሩ ዳር ያለውን ሰማያዊ ጥላ፣ ድሮ ከነፋስ ጋር ሲፋጠጡ የኖሩትን፣ አሁን ግን ምንም የማይጠብቁትን ዓይኖች። ባዚል መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ አልዊን አላቆመም። ኢኒድ ማጥለያዋን ልትወስድ መጥታ ባሏን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ ድንቹን በሌላ ነገር ልታጠልል ሄደች።

ቤቱ ሲገባ ሥዕሉን በብሩሽና በጥቁር ቀለም አጸናው፤ በላዩም የፀሐዩን ብርሃን በቢጫና በብርቱካን ደረበበት። መቆጣጠሪያ ሰሌዳውን፣ የሚቀልጡትን ብሎኖች፣ የመስታወቱን ስንጥቅ ጨመረ። ሚዩሪየል ገብታ ከኋላው ቆመች።

«ልጆች ይሄን አይወዱትም» አለች በቀስታ።

«አይወዱትም።»

«እኔ ግን እወደዋለሁ።» ጀርባውን መታ አድርጋው ወጣች።

ፋራንት የደወለው ገጹ በደረሰው ዕለት ነው።

«አልዊን፣ ሥራህ ግሩም ነው። እውነቴን ነው። ግን ሽማግሌ ነው።»

«አዎ።»

«ሴልውድ እኮ ሠላሳ ዓመቱ ነው።»

«ሠላሳ ከሞላው ቆየ።»

ፋራንት ሣቅ ብሎ ተወው። «ፊቱን ብቻ እንደገና ሳልልኝ። የድሮውን፤ ለአንተ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።»

አልዊን በሥራ ዘመኑ አዘጋጅን እንቢ ብሎ አያውቅም። ጭራቁን አረንጓዴ አድርገው ሲሉት አረንጓዴ፣ ሴቷን አውጣት ሲሉት አውጥቷል። አሁንም ሊል የነበረው «እሺ» ነው፤ ቃሉ ከአፉ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እንደገና ለመቀመጥ፣ ያንን ወጣት ፊት ከሞት አፋፍ ካለው ሰው ላይ እንደገና ለመጫን ሲያስበው ቃሉን መልሶ ዋጠው።

«አልስለውም» አለ።

«ምነው? ተቀየምክ?»

«አልተቀየምኩም። አልችልም።»

«ግድ የለም» አለ ፋራንት፣ ቅር ሳይለው። «እዚሁ እናስተካክለዋለን።»

ሐሙስ ቀን አልዊን ጋዜጣውን ከሱቅ ገዝቶ እዚያው ቆሞ ገለጠው። ፀሐዩ የሱ ነው፤ ብሎኖቹ የሱ ናቸው። ፊቱ ላይ ግን ከድሮ ገጽ ቆርጠው የለጠፉት ሴልውድ ለስለስ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ለጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ የቆመ ይመስላል። አንገቱ የሽማግሌ አንገት ነው፤ እሱን ሳያዩት ቀርተዋል። ባለ ሱቁ «ሴልውድን ገደላችሁት አይደል?» ሲለው ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

ባዚል በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። አልዊን ጋዜጣውን ላያሳየው አስቦ በካፖርቱ ኪስ ውስጥ ደበቀው። ባዚል ግን ገና ሲያየው፣ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፉ ገለል አድርጎ፣ «ሐሙስ ነው» አለው። «አምጣው።»

አልዊን ሰጠው። ባዚል ለረጅም ጊዜ አየው። አልዊን፣ ባዚል በንዴት ይጮሃል ወይም ይከፋዋል ብሎ ጠበቀ።

«ማነው ይሄ ጎረምሳ?» አለ ባዚል።

«አንተ ነህ። ከድሮው ቆርጠው ነው።»

«እህ።» ገጹን ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው። «መልከ መልካም ነበርኩ ለካ። ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«በየሳምንቱ ስነግርህ ነበር።»

«ቢራ ስትገዛልኝ ነበር እንጂ አልነገርከኝም።» ጭንብሉን መልሶ አጠለቀና ዓይኑን ጨፈነ። ጋዜጣው ደረቱ ላይ ቀረ። ነርሷ መጥታ ልታነሣው ስትል በእጁ ያዝ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የተቀበረው በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ በሚወርድበት ቀን ነበር። የጀልባ ጓደኞቹ ሳጥኑን ተሸከሙ፤ ቄሱ ከቅዝቃዜው የተነሣ ጸሎቱን አፋጠኑት። አልዊን እጁን በኪሱ ከትቶ ቆሞ፣ ያ በአስቤስቶስ የታፈነ ሰው ጓሮው ውስጥ ሲጋራውን ጥሎ በሌለ አየር ውስጥ ትንፋሹን እየያዘ ይቆምለት እንደነበር አሰበ። ዕንባ አልመጣለትም። ኢኒድ ግን ቀረብ ብላ ክንዱን ያዘችው፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችውም።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ያን ገጽ ለኢኒድ መስጠት ፈለገ። ኦሪጅናሉን፣ በገዛ እጁ የሳለውን። ደንቡ ሥዕሉ ሁሉ የድርጅቱ ነው ይላል፤ እስከ ዛሬ አንድም ተመልሶለት አያውቅም፣ ጠይቆም አያውቅ። ለንደን ሄደ። ፋራንት ስብሰባ ላይ ነበርና ፖሊን የምትባል፣ የሥዕል ክፍሉን ዕቃ የምትጠብቅ ሴት ወደ ምድር ቤቱ ይዛው ወረደች። በመንገድ ላይ ወሬዋን አላቋረጠችም፤ ስለ ባቡሩ፣ ስለ አድማው፣ ስለ ጉልበቷ። በሩን ስትከፍት ግን ዝም አለች።

ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። ወለሉ እንዳያንሸራትት የሥዕል ካርቶኖቹን መሬት ላይ አንጥፈዋቸዋል፤ ሰው በላያቸው ተመላልሷል። አልዊን ጎንበስ አለ። የማርስ ጦር፣ እናቱን በቀበረ ማግሥት የሳለው፣ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ በመሐሉ የጫማ ዱካ አለ። ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ ጎን ደግሞ ሌላ። አንዳንዱን መቼ እንደሳለው ረስቶታል፤ እጁን ግን ያውቃል።

«እኔ አይደለሁም ያነጠፍኩት» አለች ፖሊን። «ከመምጣቴ በፊት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አይናደዱም?»

አልዊን አሰበበት። መናደድ የነበረበት ቦታ ላይ ባዶነት ብቻ አገኘ፤ ምናልባት ከዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ። «ዛሬ የመጣሁት ለአንዲት ገጽ ነው» አላት።

ያቺ ገጽ ከማተሚያ ቤት የተመለሰችው በቅርቡ ስለሆነ መደርደሪያው ላይ ነበረች፤ ደርቃለች፤ የተለጠፈባት ፊትም እንዳለ ነው። ፖሊን አውርዳ ሰጠችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ግድግዳው ላይ ያለውን የእሳት ማጥፊያ መመሪያ ከልቧ ማንበብ ጀመረች፤ አልዊንም ገጿን በካፖርቱ ውስጥ ከቶ ደረጃውን ወጣ።

ቤት ሲደርስ ሚዩሪየል ማንቆርቆሪያውን ጣደች። ገጿን ከእንፋሎቱ በላይ ይዘው ጠበቁ። ሙጫው ቀስ በቀስ ላላ። ሚዩሪየል በጥፍሯ ጫፍ አነሣችውና ወጣቱ ሴልውድ ተንሸራቶ ዕቃ ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ወደቀ። ከሥሩ ባዚል ወጣ፤ በጉንጩ ላይ ሙጫው ቢጫ ምልክት ትቶበታል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።  ሚዩሪየል ምድጃውን አጠፋችና ፊቷን በሽርጧ ጠረገች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አልዊን ገጿን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ኢኒድ ሄደ። ኢኒድ ፈትታ አየች። ወዲያው መልሳ ጠቀለለችው።

«አትቀየመኝ፣ አልዊን» አለች። «እውነት ነው የሳልከው። እኔ ግን ይሄን ባዚል በቂ አይቼዋለሁ። ሌሊት ስነሣ ቀን ስነሣ ሳየው የከረምኩት ይሄንን ነው። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላውን ባዚል አጥቼዋለሁ።»

«ምን ላምጣልሽ ታዲያ?»

«ያን የጋዜጣውን። ወጣቱን።»

አልዊን ወጣቱ በማጠቢያው ውስጥ እንደሟሟ፣ ሌሎቹም ምድር ቤት ውስጥ ሰው እንደሚረግጣቸው ለመንገር አፉን ከፍቶ ተወው። ሁሉም የድርጅቱ ነው፤ የታተመውንም ጋዜጣ አስቀምጦ አያውቅምና በቤቱ አንድም ወጣት ሴልውድ የለም። «እርሳስ አለሽ?» አላት።

የግዢ ማስታወሻ የምትጽፍበት ዶልዱም እርሳስ ነበራት። የልደት ካርድ ፖስታ ቀደደችና ጀርባውን ሰጠችው። አልዊን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እርሳሱን በቢላ ቀረጸ። ጀርባው ያመዋል፤ ብርሃኑም አይመችም። ሰውየው የለም፤ ጋዜጣው የለም፤ የሚጠብቅ አዘጋጅም የለም። አገጩን ጀመረ። ኢኒድ ሻይ እየቀዳች ስለ እህቷ ስታወራ ነበር፤ ማርጌት ሄጄ ከሷ ጋር ልኑር ወይስ ይቅር፣ እህቴ ጥሩ ናት ግን ድመቶቿ አይጣል ነው። አልዊን «እም» እያለ መሳሉን ቀጠለ። ዓይኖቹን ጠበብ አደረጋቸው። ቆብ አላደረገለትም፤ በምትኩ ነፋስ የበተነው ጠጉር፣ ክንዱ ላይ የታጠፈ እርጥብ ልብስ ጨመረለት።

ኢኒድ ከትከሻው በላይ ሆና አየች።

«አፍንጫውን አተለቅከው» አለች።

«ትልቅ ነበር።»

«ነበር» አለች፤ ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠችና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አየችው።

አልዊን ያልፈለገችውን ገጽ ይዞ ተመለሰ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሊያደርገው ቢል ሚዩሪየል ነጥቃው ፎቅ ወጣች፤ ከሥዕል ጠረጴዛው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በአራት መርፌ ሰቀለችው።

«እዚህ ሆኖ ሲያየኝ ሊውል ነው?» አላት።

«አንተም እሱን እያየህ ስትውል ነው የኖርከው።»

ሰኞ ጠዋት የእግር ኳሱ ታሪክ የመጀመሪያ ጽሑፍ በፖስታ መጣ። አልዊን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አነበበው። አሥራ አንድ ተጫዋች፣ አንድ ክፉ አሠልጣኝ፣ አንድ ጭቃማ ሜዳ። በረኛው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊቱ በትልቁ ይታያል ይላል። አንገቱን አሸት አሸት አደረገና ወደ ታች ተጣራ።

«ሚዩሪየል፣ በረኛ ምን ይመስላል?»

«እኔ ምን አውቄ? ዓሣ ሻጩ ትከሻው ሰፊ ነው።»

«እሱ ቆሞ አይሳልልኝም። አፉም አያርፍ።»

«ጠይቀው እስቲ። ዓሣም ያስፈልገናል።»

አልዊን ካርቶኑን አነጠፈ፣ ማስመሪያውን አስጠግቶ የገጹን ክፍሎች ከፋፈለ። ፊቱ የሚመጣበትን ቦታ ባዶ ተወውና ከጎሉ ምሰሶዎች ጀመረ።